በራሱ የሚዘጋ የፍሪጅ በር፦ እግር ከማስተካከል እስከ ካም ማስቀረጽ

ድሬዳዋ ላይ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጋዙን ነው፤ ቀጥሎ ኮምፕሬሰሩን። «አቦ፣ ጋዝ ሙላልኝና ልገላገል» ይላል። በሩን የሚጠረጥር እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ሁልጊዜ ከበሩ መጀመር እወዳለሁ፤ በሩን ለመመርመር አንድ የብር ኖት፣ አንድ ውሃ ልክና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉና።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። 200 ሊትር የሚይዝ ፍሪጅ ተከፍቶ የውስጡ ቀዝቃዛ አየር በሙሉ ፈስሶ ቢወጣና በ35 ዲግሪ የድሬ አየር ቢተካ፣ እርጥበቱን ሳንቆጥር ማሽኑ መልሶ የሚያስወጣው ሙቀት 6 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ከ30 ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ ግን 210 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። አዲስ የገባ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከሠላሳ በላይ የበር መክፈት ያህል ሸክም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹን በየደቂቃው «ዝጉት!» እያሉ ማሳደድ ብዙም አይጠቅምም፤ ከከፈቱ በኋላ በሩ ገጥሞ እስከተዘጋ ድረስ።

ጉዳቱ ያለው በሩ ገርበብ ብሎ ሲቀር ነው። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በታችኛው ክፍተት ይፈስሳል፤ በላይኛው ክፍተት ሞቃቱ ይገባል፤ ይህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም። የገባው እርጥበት በፍሪጁ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚሰጠው ክፍል (ማቀዝቀዣው) ላይ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ማቀዝቀዣውን ይሸፍነዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ያድራል። የበሩ ማብሪያ ካልተጫነ መብራቱም አይጠፋም፤ በአሮጌዎቹ ፍሪጆች 15 ዋት የሚሆን አምፖል ውስጥ ሆኖ ሲያሞቅ ያድራል።

ስለዚህ በራሱ የሚዘጋ በር ስንነድፍ የምናስበው ስለ መጨረሻዎቹ 20 ዲግሪዎች ነው። ወለል ብሎ የተከፈተን በር ሰው ያየዋል፣ ይዘጋዋልም። በክርን ተገፍቶ ጎማው ጋር ሲደርስ አቅም አጥቶ የቆመውን በር ግን ማንም አያየውም።

አስቀድሞ አንድ ክልክል

በሩን በመቀርቀሪያ፣ በመንጠቆ ወይም በከመነዳሪ ጎማ አስሮ ማዘጋት መፍትሔ አይደለም። በድሮ ጊዜ የፍሪጅ በሮች ከውጭ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ ነበራቸው፤ ሲጫወቱ ውስጥ የገቡ ሕፃናት ታፍነው ሞተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ከ1958 ጀምሮ ሲሠራበት መቀርቀሪያው ቀረና ዛሬ የምናውቀው ማግኔት ያለው ጎማ ቦታውን ያዘ። ዓለም አቀፉ የደኅንነት መስፈርት አይ ኢ ሲ 60335-2-24ም በሩ ከውስጥ ሲገፋ ከ70 ኒውተን፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ግራም ገደማ ባልበለጠ ኃይል መከፈት አለበት ይላል። ከዚህ በታች የምንሠራው ሁሉ ከዚህ ልክ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እንዲያው እንዳነሰ ይቆይ።

በየግቢው የተበላሸ ፍሪጅ የእህል ወይም የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይታያል። መቀርቀሪያ ያለው ዓይነት ከሆነ ዛሬውኑ መቀርቀሪያውን ይፍቱት፤ ዕቃ የማይቀመጥበት ከሆነ በሩን ራሱን ይንቀሉት።

ደረጃ 1፦ መልቀቅና ማየት

በሩ ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ እንደ ወትሮው ይተዉት። በሩን 10፣ 20፣ 45፣ 70 እና 90 ዲግሪ ያህል እየከፈቱ ሳይገፉ ይልቀቁት። መለኪያ ከሌለ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ማስመር ይበቃል። ቀጥሎ የበሩን ዕቃ በሙሉ አውጥተው ይህንኑ ይድገሙ፤ ባዶ በርና የተሞላ በር ጠባያቸው አይመሳሰልም።

በሩ በራሱ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ፍሪጁ ወደ ፊት ወይም ወደ ማጠፊያው ጎን አዘንብሏል። በተለቀቀበት ቦታ ሁሉ የሚቆም ከሆነ ወይ ፍሪጁ ልኩን የቆመ ነው፣ ወይ ማጠፊያው ከርሯል። ከ45 ዲግሪ ጥሩ መጥቶ 10 ዲግሪ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በማጠፊያው በኩል ያለው ጎማ እየታጠፈ ስለሚገፋው ነው። ሄዶ ከነካ በኋላ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ወይ ጎማው ደርቋል፣ ወይ ውስጥ ያለ መሳቢያ ወይም ድስት ወደ ፊት ወጥቶ በሩን ይነካል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ስለሆነ ብቻ የሚናቅ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

በነገራችን ላይ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ላይ የላይኛውን በር በኃይል ሲወረውሩት የታችኛው ብቅ ይላል። አየሩ በውስጥ መተላለፊያ ተገፍቶ ሲመጣ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የታችኛው በር ግን በራሱ ተመልሶ መግጠም አለበት።

ደረጃ 2፦ ጎማው

አንድ የብር ኖት በሩና አካሉ መካከል አስገብተው በሩን ይዝጉ፤ ከዚያ ኖቱን ይሳቡ። ትንሽ መያዝ አለበት። ዙሪያውን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይሞክሩ፤ በተለይ ማዕዘኖቹንና በማጠፊያው በኩል ያለውን ጎን። ኖቱ በነጻ የሚወጣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።

ጎማው ውስጥ ያለው ማግኔት የሚስበው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ብቻ ነው። በሩን ከሩቅ ጎትቶ አያመጣም፤ የመጣውን ይይዛል እንጂ። ስለዚህ «ማግኔቱ ደክሞ ነው» ከማለት በፊት ጎማውን በሞቀ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። የድሬ አቧራ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እጥፋቱ ውስጥ ሲጠነክር ጎማው ይገተራል። ከታጠበም በኋላ የተጣመመ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አለስልሰው በእጅ ወደ ቅርጹ ይመልሱትና በሩን ዘግተው ያቆዩት። ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው። በማጠፊያው በኩል የሚታጠፍ ከሆነ እዚያ ጎን ላይ ስስ የሲሊኮን ቅባት ወይም የሕፃን ፓውደር ይቀቡ፤ ተንሸራትቶ ይገባል።

ደረጃ 3፦ እግሮቹ

ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር የሚያልቀው እዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የቤታችን ወለል ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ተብሎ ወደ መግቢያው በር ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ይለሰናል። ፍሪጁ ደግሞ ጀርባውን ለኋላው ግድግዳ ሰጥቶ ፊቱን ወደዚያው በር አዙሮ ይቆማል። በዚህ አቋም ፍሪጁ ከመጀመሪያውኑ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ በሩም መከፈት እንጂ መዘጋት አይወድም። ሱቅ ውስጥ በራሱ ይዘጋ የነበረ ፍሪጅ ቤት ሲገባ የሚያምፀው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፍሪጁ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የበሩ ክብደት ጥቂቱ በሩን ወደ ኋላ ይስበዋል። የመዝጊያው ጉልበት የበሩ ክብደት፣ ከማጠፊያው እስከ በሩ መሐል ያለው ርቀትና የዘንበልታው መጠን ሲባዙ የሚገኘው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ባዶው በር 12 ኪሎ፣ የጠርሙሱ ሸክም 6 ኪሎ፣ በድምሩ 18 ኪሎ። የበሩ ስፋት 55 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መሐሉ ከማጠፊያው 27.5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። በፊትና በኋላ እግር መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና የፊቱን 8 ሚሊ ሜትር ከፍ ብናደርግ ዘንበልታው 8 ለ500፣ ማለትም 0.016 ነው።

18 × 9.81 × 0.275 × 0.016 = 0.78 ኒውተን ሜትር።

ይህ ከማጠፊያው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ በ160 ግራም ገደማ እንደመግፋት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለጤነኛ በር ግን ከበቂ በላይ ነው። ሙሉው ጉልበት የሚገኘው በሩ ሊዘጋ ሲል መሆኑም ደግ ነገር ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ግማሹ ብቻ ይቀራል፣ 90 ላይ ምንም። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ሰው ዕቃ ሲያወጣ በሩ አይታገለው፣ ሲለቀው ግን መጨረሻው ላይ ይበርታ። ከ90 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ይኸው ዘንበልታ በሩን ወደ ሌላው ጎን ስለሚወስደው ተከፍቶ ይቆያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከባድ ጠርሙሶችን ያውጡ። አንድ ሰው የፊቱን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው እግሮቹን ያዙር። ውሃ ልኩን በፍሪጁ አናት ላይ ከጎን ወደ ጎን አስቀምጠው መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያስተካክሉ። ከዚያ ውሃ ልኩን ከፊት ወደ ኋላ ያዙሩትና የኋላ ጫፉን አረፋው መሐል እስኪገባ ያንሱት፤ ከጫፉ ሥር ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። የውሃ ልኩ ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃ ልክ የሌለው ሰው ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልቶ መጠቀም ይችላል።

ግራና ቀኝን አለማጓደል ነው። ፍሪጁ በማጠፊያው በኩል ዝቅ ካለ በሩ 90 ዲግሪ ላይ ወደ ውጭ ይሮጣል፤ በእጀታው በኩል ዝቅ ካለ ደግሞ ለመዝጋት ያግዛል። ስለዚህ ስሕተቱ የግድ ከሆነ በእጀታው በኩል ይሁን፤ እሱም ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱ በሮች ጠማማ ሆነው ይታያሉ።

ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ አይሂዱ። በሩ መወርወር ይጀምራል፤ እንቁላል መደርደሪያው ይንኳኳል፤ ጠርሙስ ከበሩ ይዘላል። እግሩ አጭር ሆኖ ካልደረሰ ከሥሩ የብረት ላሜራ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገቡ። እንጨት ወይም ካርቶን አልመክርም፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ ይጠጣና ይወርዳል። ፍሪጁ የፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ ከሆነ ደግሞ መለካት ያለበት ሸክሙን ከተሸከመ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጠፊያው

የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ኋላ በማስገፋት በሩን ማዘንበል ይቻላል የሚሉ አሉ። አያዋጣም። 120 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው በር ላይ ማጠፊያውን 2 ሚሊ ሜትር ብንገፋው ዘንበልታው 0.0017 ብቻ ነው፤ እግሩን በማንሳት ካገኘነው አንድ አሥረኛው ገደማ። በዚያ ላይ የላይኛው ጎማ ይጨፈለቃል። የማጠፊያው ሥራ በሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆምና እንዳይከር ማድረግ ነው። ብሎኖቹን ያጥብቁ፣ ፒኑን ያጽዱ፣ የተበላች ቦኮላ (ፒኑ የሚዞርባት ቀለበት) ካለች ይቀይሯት፣ በሩ ከወረደ ከሥሩ ሮንዴላ ይጨምሩ።

እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ የምናገረው ነገር አለ፦ የፍሪጁን አካል አይብሱት። በብዙ ዘመናዊ ፍሪጆች ሙቀት የሚያስወጣው ቱቦ በጎን ግድግዳዎቹ ውስጥ ተቀብሯል፤ በበሩ ዙሪያ ባለው ፍሬም ውስጥም ጠል እንዳይሠራ የሚያሞቅ ቱቦ ያልፋል። ሲነኩት ለብ የሚለው ለዚህ ነው። አንድ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ጋዙን ያስወጣዋል። ጋዙ አር 600 ኤ ከሆነ ደግሞ የሚቀጣጠል ነው። ፋብሪካው የሠራቸውን የማጠፊያ ቀዳዳዎች ብቻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ካሙ

እግሩ ተስተካክሎም በሩ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ፍሪጁ ወደ ኋላ ሊያዘነብል የማይችልበት ቦታ ከቆመ፣ መልሱ ካም ነው። ብዙ ፍሪጆች ከታችኛው ማጠፊያ ላይ ይህ ነገር አላቸው፦ ሁለት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ቀለበቶች፣ ፊታቸው ዳገትና ቁልቁለት ያለው። አንዱ ማጠፊያው ላይ ተይዞ አይዞርም፤ ሌላው በበሩ ሥር ተሰክቶ ከበሩ ጋር ይዞራል። በሩ ሲከፈት አንዱ በሌላው ዳገት ላይ ይወጣና በሩን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ያነሣዋል። ሲለቀቅ በሩ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲወርድም ይዞራል፣ ሲዞር ይዘጋል።

ካምን ከሞላ የማስበልጠው ለአንድ ምክንያት ነው። በሩ ላይ ስድስት ጠርሙስ ሲጨመር የሚጓተተው ነገር ይከብዳል፤ ካሙ ግን ጉልበቱን ከዚያው ክብደት ስለሚያገኝ አብሮ ይበረታል። ሞላ ይህን አያውቅም።

መጀመሪያ አሮጌውን ያውጡ። ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በላይኛው ማጠፊያ በኩል ለበሩ መብራት ወይም ማሳያ የሚያልፍ ሽቦ ካለ ማገናኛውን ይፍቱ። በሩን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በሩን ይዘው ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፤ ባዶውን የበር ክብደት አገኙ። ካሙ ከተበላ ዳገቱ ያብረቀርቃል፣ ጫፉም ክብ ሆኗል። የዚያው ሞዴል መለዋወጫ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ከወደቀ ፍሪጅ ላይ ቆራሌው ጋር ይፈልጉ። ይህም ካልሆነ ማስቀረጽ ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ጀምሮ የሽማንደፈር ወርክሾፕ ከተማ ናት፤ ቶርኖ ቤት ገብቶ ለአንዲት ቁራጭ ናይሎን የሚያስብ ባለሙያ አይጠፋም።

የሚቀረጸው ከናይሎን ወይም አሴታል ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዘንግ ነው። የኩሽና መክተፊያ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ቶሎ ይበላል። ብረት በብረት ላይ ደግሞ ይጮኻል።

ልኮቹን በምሳሌያችን እንሥራ። የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የፒኑ ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዳገቱ አንድ ከሆነ በሩ ወደ ጎን ስለሚጋደል ሁለት ዳገት፣ ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው ይሠሩ። ለእያንዳንዱ 180 ዲግሪ ይደርሰዋል፦ 40 ሸለቆ፣ 70 ዳገት፣ 40 አናት፣ 30 ደግሞ መውረጃ። ይህን በወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል። 78.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ቆርጠው ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ 8.7 ሚሊ ሜትር ለሸለቆው፣ 15.3 ለዳገቱ፣ 8.7 ለአናቱ፣ 6.5 ለመውረጃው ያስምሩ። የዳገቱ ከፍታ 4.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ወረቀቱን ዘንጉ ላይ ጠቅልለው ይለጥፉ፤ መስመሩን ተከትሎ በመጋዝ መቁረጥ፣ በሞረድ ማስተካከል፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ አናት በሌላው ሸለቆ ውስጥ ይቀመጣል።

ዳገቱ ለምን 70 ሆነ? 60ው ለመክፈቻ ነው። 10ሩ ለመጨረሻው ንክኪ። በሩ ጎማውን ነክቶ ሲቆም ካሙ ገና ሸለቆው ውስጥ መድረስ የለበትም፤ 10 ዲግሪ ሲቀረው ይቁም። እንዲህ ከሆነ በሩ ተዘግቶም ካሙ መግፋቱን አያቆምም፣ ጎማውን ተጭኖ ይይዛል። ብዙ በእጅ የተሠራ ካም የማይሠራው ይህ 10 ዲግሪ ተረስቶ ነው፤ ካሙ ሸለቆው ውስጥ ያርፍና በሩ ጎማውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ጉልበቱ ያልቃል። ሲገጥሙ ስለዚህ የታችኛውን ቀለበት 10 ዲግሪ አዙረው ይያዙት።

አናቱ 40 ዲግሪ ጠፍጣፋ ስለሆነ በሩ ከ60 ካለፈ በኋላ ተከፍቶ ይቆማል። ወይዘሮዋ ድስቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያስገቡ በሩ ትከሻቸውን አይመታቸውም። በሩ ከ120 ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ ግን ማቆሚያ ይኑረው፤ አለዚያ አናትና አናት ይለቃቀቃሉ።

አሁን ጉልበቱን እንፈትሽ። 18 ኪሎ በር፣ መሐለኛው ራዲየስ 8.75 ሚሊ ሜትር፣ የዳገቱ ቁመት ለርዝመቱ በዚያ ራዲየስ 0.44 ያህል። ፕላስቲኮቹ በደንብ ተቀብተው የሰበቃ መጠናቸው 0.15 ነው ብንል የተጣራው የመዝጊያ ጉልበት 0.42 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ደረቅ ሆነው 0.3 ቢሆን 0.19 ብቻ ይቀራል። አቧራ ገብቶ 0.4 ቢደርስ 0.05፤ ማለትም በሩ ቆመ። ያው ካም፣ ያው በር ነው፤ የተለወጠው ቅባቱ ብቻ። እኔ ለመጨረሻዎቹ 20 ዲግሪዎች ቢያንስ 0.3 ኒውተን ሜትር እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ እግሩ ከሚሰጠው ጋር ተደምሮ ይበቃል።

የሚቀባው የሲሊኮን ግራሶ ነው፣ በስሱ። የምግብ ዘይት ይደርቃል፣ ይጣበቃልም። የመኪና ግራሶ ጎማውን ሊጎዳ ይችላል።

ከመግጠም በፊት ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ በሩ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ስለሚነሣ በበሩ አናትና በላይኛው ማጠፊያ መካከል ከዚያ የሚበልጥ ክፍተት መኖር አለበት፤ ባለ ሁለት በር ከሆነ ደግሞ በሁለቱ በሮች መካከል። ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ የዳገቱን ከፍታ መቀነስ እንጂ በሩን መፋቅ አይገባም። ሁለተኛ፣ የላይኛው ፒን በሩ ሲነሣም ሲወርድም ከቦኮላው እንዳይወጣ ርዝመቱ ይበቃል ወይ?

የቀኝ ማጠፊያ ካም ለግራ አይሆንም፤ ዳገቱ በተቃራኒው ነው። ይህ በተለይ ሐረር ጀጎል ውስጥ ይመጣል። ቤቱ ጠባብ ይሆንና ፍሪጁ ጥግ ይያዛል፣ በሩ ግድግዳ ይነካል፣ ባለቤቱ ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን ያዛውራል። ካሙን ሳይቀይር ካዛወረ በሩ ያን ቀን ጀምሮ በራሱ መከፈት ይወዳል። በወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል ገልብጦ አዲስ ማስቀረጽ ነው።

ደረጃ 6፦ ሞላ፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ

ትንንሽ ፍሪጆች ለካም የሚሆን ክብደትም ቦታም የላቸውም። በሩ 3 ወይም 4 ኪሎ ሲሆን ካሙ የሚሰጠው ከሰበቃው አይበልጥም። እዚህ ላይ ፒኑን የሚያቅፍ ጠምዛዛ ሞላ ይሠራል። ችግሩ ሞላ በጣም የሚበረታው በሩ ሲከፈት ነው፣ የሚደክመው ደግሞ ሊዘጋ ሲል፤ ከምንፈልገው ተቃራኒ። መድኃኒቱ ረጅም፣ ብዙ ጥምዝ ያለው ለስላሳ ሞላ ወስዶ አስቀድሞ ጠምዝዞ መግጠም ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ 0.3 ኒውተን ሜትር እንዲገፋ፣ 90 ዲግሪ ላይ ከ0.6 እንዳይበልጥ። አጭርና ወፍራም ሞላ በሩን ይወረውረዋል፤ ሕፃን ጣቱን ያስገባበታል። የሞላው ጫፎች የሚታሰሩት በማጠፊያው ብረት ላይ እንጂ በፍሪጁ ቆርቆሮ ላይ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሙከራ

ፍሪጁን ቦታው መልሰው፣ ሳይሰኩት፣ የደረጃ 1ን ሙከራ ባዶም ሞልተውም ይድገሙ። ማለፊያው ይህ ነው፦ ከ45 ዲግሪ የተለቀቀ በር ያለ ማንም እርዳታ መጥቶ ጎማው መያዝ አለበት፤ ከ10 ዲግሪም እንዲሁ። ከሁለቱ ከባዱ 10ሩ ነው፣ በሩ ምንም ፍጥነት ሳይኖረው ይነሣልና። ከ45 እየመጣ በፍጥነቱ ገፍቶ የሚገጥም በር ከ10 ሲለቀቅ ከቆመ ሥራው አላለቀም። የብር ኖቱንም ዙሪያውን እንደገና ይሞክሩ። በመጨረሻም አንድ ልጅ ጠርተው በአንድ ጣቱ እንዲከፍተው ያድርጉ፤ ካልቻለ በዝቷል።

ፍሪጁ በማንሳት ጊዜ ተጋድሞ ከነበረ ከመሰካት በፊት ቆሞ ይረፍ፤ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ሰክተው ከቀዘቀዘ በኋላ በሩን ከፍተው ከዘጉት ወዲያው ለመክፈት ቢከብድ አይደንግጡ፤ የገባው ሞቃት አየር ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና በሩን ይስበዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ይለቃል። እንዲያውም ጎማው በደንብ መግጠሙን የሚያሳይ ነው።

ከጀርባው ያለውን ሰሌዳም ይመልከቱ። ለአየር ጠባይ የተሰጠው ምልክት ቲ ከሆነ እስከ 43 ዲግሪ ባለ ክፍል፣ ኤስ ቲ ከሆነ እስከ 38፣ ኤን ከሆነ ደግሞ እስከ 32 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ኤን ይበቃዋል። ወደ 1,200 ሜትር ወርዶ ድሬ ላይ ኤን የተጻፈበት ፍሪጅ የያዘ ሰው ግን በሩ የቱንም ያህል ቢገጥም ግንቦትና ሰኔ ላይ ኮምፕሬሰሩ እንደሚለፋ ይወቀው።

በቀን 40 ጊዜ የሚከፈት በር በዓመት 14,600 ጊዜ ካሙ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ እግሮቹን አንዴ መልሰው ይለኩ፤ አዲስ የተሸከሙት ላሜራም ማቆሚያም ትንሽ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ፣ አቧራ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ በየሦስት ወሩ፣ በሩን ከፍተው ካሙ ዙሪያ በጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ግራሶው ጠቁሮ አሸዋ አሸዋ ካለ በሩን አንስተው ሁለቱንም ቀለበት በሳሙና ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደገና ይቀቡ።